የሳማ ስድብ

ሰባት ዓመት ሊሞላኝ ትንሽ ሲቀረኝ አንዲት ቀዶ ሐኪም አምርራ እንደምትጠላኝ አውቅ ነበር። ግምት አልነበረም፤ ማስረጃ ነበረኝ። ሌሎቹ ሐኪሞች ጠዋት ወደ ክፍላችን ሲገቡ "እንዴት አደርሽ የኔ ቆንጆ" ይላሉ። እሷ አልጋዬ ግርጌ ትቆምና ከእግሬ እስከ ራሴ ታየኛለች።

"ይሄ ፀጉር ነው ወይስ ሰው የጣለው መጥረጊያ?"

ከዚያ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ትጠብቃለች። ምን እንደምትጠብቅ አይገባኝም። ሳለቅስ ማየት አምሯት ነው እላለሁ። ስለዚህ አላለቅስም። ዓይኔን መስኮቱ ላይ እተክልና ቀስ ብዬ በአፍንጫዬ እተነፍሳለሁ። እሷም ከንፈሯን ነክሳ ትሄዳለች። በሩ ሲዘጋ ልቤ በደስታ ይዘላል። አሸነፍኳት!

ዛሬ ላይ ሆኜ ያቺን ልጅ ባገኛት ትከሻዋን ይዤ እንዴት እንደምነቀንቃት እኔ ነኝ የማውቀው። ግን ታሪኩን ከሥሩ ላስረዳ።

ሁለት ዓመቴ ላይ ጉሮሮዬ ውስጥ ኪንታሮት መሰል ነገር በቀለ። ቆረጡት። ተመልሶ በቀለ፤ ደግመው ቆረጡት። በመጨረሻ ኪንታሮቱ ተሸነፈ፤ ጠባሳው ግን ቀረ። ጠባሳ ሲድን ይኮማተራል፤ የእኔም የአየር መንገዴን እንደ ከረጢት አፍ ጠርንፎ ያዘው። እንዳልታፈን አንገቴን ከፊት በስተው ቱቦ ከተቱልኝ። አየር በቱቦው ገብቶ በቱቦው ስለሚወጣ ድምፅ የሚሠራበት ቦታ አይደርስም። ስናገር ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል እንጂ የሚሰማ ነገር የለም። ሳለቅስም እንደዚያው። እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ መርፌ ላይ አጎንብሳ ስትውል እኔ ከኋላዋ ድምፅ አልባ ለቅሶ አለቅስ ነበርና ፊቴን ለማየት ስትል የስፌት መኪናዋን ወደ እኔ አዙራ፣ ጀርባዋን ለመስኮቱ ብርሃን ሰጥታ ትሠራ ነበር።

እንዳላለቅስ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ታዟል። ሳለቅስ አክታ ቱቦውን ይደፍነዋል፤ ፊቴ ይጠቁራል። "አታናድዷት!" የቤታችን ሕግ ይህ ነበር። ኳስ ስፈልግ ይሰጠኛል። ብስኩቱን ልብላው ስል የሌላ ልጅም ቢሆን እበላዋለሁ። ንግሥት ነበርኩ። እንደ ተወደድኩ ነበር የሚገባኝ፤ እንደ ተፈራሁ አላውቅም ነበር።

በዚያ ዘመን የምወደው ሐኪም አባባ ጓንት ነበር። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ የጎማ ጓንት ነፍቶ አምስት ጉትያ ያላት ዶሮ ይሠራልኝ ነበርና። በየጥቂት ሳምንቱ አስተኝቶ ጠባሳዬን በብረት ዘንግ ይለጥጠዋል። ስነቃ ተአምር ነው! ቱቦውን በጣቴ ስደፍነው ድምፅ ይወጣል! የክፍሉን ዕቃ ሁሉ እየጠቆምኩ እጠራለሁ፤ "በር! ወንበር! ባልዲ!" አባባ ጓንት ያጨበጭባል። እናቴ ታለቅሳለች። ጥቂት ቀን እንዲህ እንሰነብትና ድምፄ መሳሳት ይጀምራል፤ ከዚያ ይጠፋል።

እኔ ድምፅን እንደ ፋኖስ ጋዝ አስቤው ነበር። እሱ ይሞላልኛል፣ እኔ አነደዋለሁ፣ ያልቃል። "በር" እና "ባልዲ" ላይ ስላባከንኩት ራሴን እወቅስ ነበር። አንድ ጊዜ ከነቃሁ በኋላ ቀኑን ሙሉ አንድም ቃል አልተናገርኩም፤ ላጠራቅመው ብዬ። እንዲያም ሆኖ አለቀ።

እውነቱ ሌላ ነው፤ ስጽፈው ዛሬም ደሜ ይፈላል። ያ ብረት መንገዱን ሲለጥጥ ይቀደው ነበር። የተቀደደው በሌላ ጠባሳ ይደፈናል፤ አዲሱ ከአሮጌው ይወፍራል። እያንዳንዱ ደስታዬ የሚቀጥለውን መታፈን ያጠብቀው ነበር። አባባ ጓንት ይህን አያውቅም ነበር ማለት አልችልም። ያውቅ ነበር። ከዚያ የተሻለ የምትሠራ ሐኪም ሌላ ሆስፒታል እንዳለችም ያውቅ ነበር። ግን ልጅ ሲያጨበጭብለት፣ እናት እጁን ስትስም፣ ማን ይህን ለሌላ ሰው አሳልፎ ይሰጣል? ደግነቱን አልክድም። ያ ደግነት ግን በየጥቂት ሳምንቱ ጉሮሮዬን ሲዘጋ የኖረ ደግነት ነው፤ ይህን የሚያለሳልስልኝ ሰው ካለ ፊት ለፊት ልከራከረው ዝግጁ ነኝ።

እናቴ አንድ ቀን "ከእንግዲህ አንሄድም" አለች። እንዴት አወቀች? የስፌት ሰው ናት፤ ደጋግሞ የተተረተረ ጨርቅ ጠርዙ ምን እንደሚሆን ለእሷ አይነገራትም። እኔ ግን ጋዜን የከለከለችኝ ክፉ ሴት አደረግኳት። ሳህን ላይ በማንኪያ እየደበደብኩ ቀኑን ሙሉ አድማ መታሁ።

እናቴ ጠያይቃ ሌላ ሆስፒታል ወሰደችኝ። ያቺ ቀዶ ሐኪም አጭር፣ ቀጭን፣ ድምፅዋ ከሹክሹክታ ትንሽ ከፍ የሚል ሴት ነበረች። ጉሮሮዬን በመሣሪያ አየች።

"ማነው እንዲህ ያቦጫጨቀው?" አለች ለእናቴ።

"ኧረ ደግ ሰው ናቸው ዶክተር።"

"ደግ!" አለች። "ደግ ሰው ነዋ እንዲህ የሚያደርገው። ክፉ ቢሆን ኖሮ አንድ ጊዜ ሞክረሽ ትሸሺው ነበር።"

አባባ ጓንትን ስትሰድብብኝ ተበሳጨሁ። ቀጥሎ የተናገረችው ግን ብስጭቴን አስረሳኝ። ወረቀት ላይ እየሣለች ለእናቴ አስረዳቻት። ከጎድን አጥንቴ ጫፍ፣ አጥንትም ሥጋም ያልሆነ፣ እንደ ጆሮ ጫፍ የሚተጣጠፍ ቁራጭ ትወስዳለች። እሱን የጀልባ ቅርጽ አስይዛ ትቀርጸዋለች። ከዚያ የጠበበውን መንገድ በቁመቱ ሰንጥቃ ጀልባዋን መሃሉ ላይ ትሰፋታለች፤ መንገዱ ወደ ጎን ይሰፋል፤ ሰፍቶም ይቀራል።

"ማስገቢያ ጨርቅ እንደ መጨመር" አለች እናቴ። "ቀሚስ ሲጠብ ከጎን እንደሚጨመረው።"

ቀዶ ሐኪሟ እርሳሷን አስቀምጣ አየቻት። "በትክክል" አለች።

እኔ ከዚህ ሁሉ የሰማሁት አንድ ቃል ነው። ጀልባ! ጉሮሮዬ ውስጥ ጀልባ ሊገባ ነው! ማታ ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ማን እንደሚቀዝፋት አስባለሁ። ውኃ ስጠጣ ወደ ላይ ትነሳለች? ሳል ሲይዘኝ ማዕበል ይሆንባታል? የቀዶ ሕክምናዬ ቀን ሲደርስ ተሽከርካሪውን አልጋ የሚገፋው ሰው ፍርሃቴን ሊያስረሳኝ ቀልድ ሲያወራ እኔ ቶሎ ግፋው በሚል ብርድ ልብሱን በሁለት እጄ እየደበደብኩ ነበር።

ስነቃ ጎኔ እሳት ሆኗል። ጀልባዋ ግን አልተንቀሳቀሰችም። ሳምንታት አለፉ። ቁስሉ ጠገገ። ከዚያ አንድ ጠዋት ሲስተር መጥታ የቱቦዬን አፍ በትንሽ ውታፍ ደፈነችው። ደነገጥኩ። አፌን ከፈትኩ። አየር ገባ! በአፌ፣ በአፍንጫዬ፣ ቀዝቃዛ፣ የመድኃኒትና የሳሙና ሽታ ያለው አየር! እስከዚያን ቀን ድረስ ሽታ እንዲህ ኃይለኛ ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር።

"እማ" አልኩ። ድምፄ የዛገ በር ሲከፈት ይመስላል። እናቴ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

እና ቀዶ ሐኪሟ መሳደብ የጀመረችው ልክ ከዚያ ቀን በኋላ ነው። ያቺ የምታንሾካሹክ ሴት! እኔ ግራ ተጋባሁ፤ ከዚያ በልጅ አእምሮዬ መልሱን አገኘሁት። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ክፉ ቃል ተናግራኝ አታውቅም። ከፍታኝ፣ ውስጤን አይታ ነው የጠላችኝ። ውስጤ አንድ መጥፎ ነገር አለ ማለት ነው። ምን ይሆን? እናቴን ለመጠየቅ አፈርኩ። ብቻ ማታ እጄን ጎኔ ላይ አድርጌ እዳብሰው ነበር።

ቀዶ ሐኪሟን ሳማ ያለቻት ከጎኔ የተኛችው ልጅ ናት። ይህቺ ልጅ በእድሜ ትበልጠኛለች፤ እሷም እንደ እኔ ተቆርጣ፣ ጠባሳዋ ተጠግኖ፣ ውታፍ ላይ የነበረች ናት። ስትተነፍስ ድሮ ታፏጭ ስለነበር ሁሉም ፉጨት ይላት ነበር።

"ሳማ መጣች" ትለኛለች ጠዋት። "ዛሬ ማንን ትለበልብ ይሆን?"

አንድ ቀን ሳማ የፉጨትን ሥዕል አነሳች። "ይሄ ምንድን ነው? ፈረስ? ዶሮ በእግሯ ብትጭር ከዚህ ይሻላል።"

ፉጨት አልጋዋ ላይ ቆመች። "ፈረስ ነው! ፈረስ ነው አልኩ! ዓይን የለሽም እንዴ? አንቺ ራስሽ የተጣመመ ምስማር ነው የምትመስይው!" ክፍሉ በአንድ እግሩ ቆመ። ሳማ ከመቆጣት ይልቅ ጠጋ አለቻት፤ ጆሮዋን ወደ ልጅቱ አፍ አስጠጋች። ፉጨት እስኪደክማት ጮኸች። ሳማ ሥዕሉን አጣጥፋ ኪሷ ከተተችና ወጣች። በዚያው ሳምንት የፉጨትን ቱቦ አወጡላትና ቤቷ ተላከች።

ፉጨት ተሸነፈች! አልኩ። ሳማ አስጮኸቻት፣ አባረረቻት። እኔ ግን አልሸነፍም። ያ ደስታ አሁንም ትዝ ይለኛል። ጠላት አለኝ፣ ጦርነት አለብኝ፣ መሣሪያዬም ዝምታ ነው። ስንት ዓመት ድምፅ ስለምን የኖርኩ ልጅ ድምፄን ባገኘሁ ማግሥት ቆልፌ አስቀመጥኩት።

"እንቅልፋም!" ትላለች ሳማ። ፈገግ እላለሁ።

"ፈሪ ድመት!" መስኮቱን አያለሁ።

"ኩራትሽ ከአፍንጫሽ ይበልጣል፤ አፍንጫሽም ትንሽ አይደለም።" ይህቺ ልታስቀኝ ነበር፤ ትራስ ነከስኩ።

"ሲስተር" አለች አንድ ጠዋት ሳማ እጇን አንስታ፣ "ይህቺ ልጅ ልታሸንፈኝ ነው።"

ሲስተር ሳቀች። ሳማ ግን አልሳቀችም። እኔ የዚያን ቀን ምሳዬን በሁለት እጄ በላሁ።

ከሰዓት በኋላ በሩ ገርበብ ብሎ ሳለ እናቴና ሳማ ኮሪደሩ ላይ ሲያወሩ ሰማሁ።

"እኔ አልችልም ዶክተር" ትላለች እናቴ። "ይሄን ብቻ አይዘዙኝ። ልጄን እንዳላስለቅስ ስጠብቅ ነው የኖርኩት።"

"እናት፣ ስሚኝ። እኔን ለምዳኛለች፤ አልሠራም። አንቺ ካላደረግሽው ማንም አያደርገውም።"

"ብትታፈንብኝስ?"

"እዚሁ ትታፈን። እኔ በሩ ጋ ነኝ።"

እናቴ ማልቀስ ጀመረች። እኔ አልጋዬ ውስጥ ደረቅኩ። ሳማ እናቴን እንድትገርፈኝ እያዘዘቻት ነው! እናቴም እምቢ እያለቻት ነው! የኔ ጀግና!

የጎደለውን ግማሽ ያገኘሁት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው፤ ሳማ ጡረታ ወጥታ ሳለ ቤቷ ሄጄ ጠየቅኳት። እንደ ድሮዋ ታንሾካሹካለች። የጸጥተኛ ልጅ ትንፋሽ ይዋሻል አለችኝ። "ጠባቡ ቦታ የሚሰማው አየር በኃይል ሲሮጥ ነው። ልጁን ላስሩጠው ብትይ ሲደክመው በራሱ ይቆማል፤ የሚያመውን ቦታ ያውቃልና ይሸሸዋል። የተናደደ ልጅ ግን አይቆምም። ትንፋሹን የሚቆጥብ ንዴት የለም። ቱቦውን አውጥቼ ቤት ልኬው፣ አንድ ቀን ከወንድሙ ጋር በኳስ ተጣልቶ ቢታፈን ማን ይደርስለታል? ስለዚህ ቱቦው ሳይወጣ፣ እኔ አጠገቡ እያለሁ፣ ከልቡ መናደድ አለበት። ይህን አስቀድሜ ብነግረው ያስመስላል፤ የማስመሰል ጩኸት ደግሞ ከጉሮሮ በላይ ነው።"

"ስድብ ከየት ተማርሽ?" አልኳት።

"አይሆንልኝም ነበር እኮ" አለች። "ማታ ማታ ባሌ ላይ እለማመድ ነበር። ምስኪን፣ እየሳቀ ሌላ ይጨምርልኝ ነበር።"

ወደዚያች ከሰዓት ልመለስ። እናቴ ዓይኗን ጠርጋ ገባች። የጠርሙስ ቆርኪዎቹን አውጥታ ዳማ ዘረጋች።

"እንጫወት?"

ዳማ የምንጫወተው ሁልጊዜ ነው፤ የማሸንፈው ሁልጊዜ እኔ ነኝ። እናቴ ጨዋታው የማይገባት ሰው ትመስለኝ ነበር። አንዱን ቆርኪ ገፋሁ። እሷም ገፋች። ሌላ ገፋሁ። እጇ ዘሎ ሁለቱን ቆርኪዎቼን አነሳ።

"በላሁሽ" አለች።

"እማ?"

"ተጫወቺ።"

ተጫወትኩ። አንድ በላችብኝ። ደግሞ ሁለት። አንዱን ዳር አድርሳ አነገሠችው፤ ንጉሡ ወደ ኋላም ወደ ፊትም እየተሽከረከረ ሠራዊቴን አጨደው። እንዲህ የሚጫወት ሰው አይቼ አላውቅም። ይህን ሁሉ ዘመን ትችል ነበር!

"እያሳዘንሽኝ ነበር የምለቅልሽ" አለች። ድምፅዋ ደርቋል። "አንቺ እኮ ምንም አትችይም።"

ጆሮዬ ጋለ። አፍንጫዬ ብቻ አልበቃኝም፤ አፌን ከፈትኩ። አንድ ቆርኪ ቀርቶኛል፤ ጥግ ላይ፣ ማንም ሊነካው በማይችልበት ቦታ። እናቴ አየችው። እጇን ዘርግታ ዝም ብላ አነሳችው።

"እሱ አይበላም!"

"ይበላል።"

"አይበላም! ጥግ ነው! ሌባ! ሌባ ነሽ!"

"አልቃሻ" አለች እናቴ። ቆርኪዬን መዳፏ ውስጥ ጨብጣ ያዘችው፤ እኔ ድሏን የምታጣጥም መሰለኝ። "መሸነፍ የማታውቂ አልቃሻ።"

ከዚያ በኋላ የወጣውን ድምፅ ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ዳማውን ገለበጥኩት። ቆርኪዎቹ ወለሉ ላይ ተንጫጩ። አልጋው ላይ ቆምኩ፤ ወረድኩ፤ እናቴን በኮሪደሩ አባረርኳት፤ እሷ ትሮጣለች፣ እኔ እከተላለሁ፣ "መልሺልኝ! መልሺልኝ!" እላለሁ፤ ከየክፍሉ ሰው ራሱን ያወጣል፤ ደረቴ እንደ ወናፍ ይከፈታል ይዘጋል፤ አየሩ በጉሮሮዬ እንደ ጎርፍ ይሮጣል፤ አላፏጨም፣ አልተደናቀፈም፣ አልያዘኝም!

በሩ ጀርባ ቆማ የነበረችው ሳማ ሮጣ ቀደመችኝ። ተንበርክካ መንገዴን ዘጋችብኝ፤ ጆሮዋን አፌ ላይ ልትለጥፍ ምንም አልቀራት።

"ቀጥዪ!" አለች። "ቀጥዪ፣ ቀጥዪ!"

"አንቺ ነሽ!" አልኳት፤ ትልቅ ሰው፣ ያውም ሐኪም፣ አንቺ አልኳት። "አንቺ ነሽ እናቴን ያበላሸሽብኝ! ለምንድነው የምትጠዪኝ? ውስጤ ምን አየሽ? ምን አይተሽ ነው የጠላሽኝ?"

ሳማ ጆሮዋን አነሳች። ፊቷ ተለወጠ። ከቀዶ ሕክምናው በፊት የነበራትን ድምፅ እንደገና ሰማሁ።

"ውስጥሽ?" አለች። "ውስጥሽ እኔ በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ የሚያምረው ሥራ ነው ያለው። እሱን ነው ያየሁት።" ከዚያ በእኔ ራስ ላይ ወደ እናቴ ቀና አለች። "እናት፣ ይወጣል። ቱቦው ይወጣል።"

እናቴ በግድግዳው ተደግፋ ትተነፍስ ነበር፤ ከእኔ ይልቅ እሷ ነበረች ትንፋሽ ያጠራት። መዳፏን ከፈተችና ቆርኪዬን ሰጠችኝ። እኔ ተናድጄ ስለነበር ወረወርኩት።

ቱቦውን ሲያወጡት አንድ ሳል ያህል ጊዜ ነው የወሰደው። ቀዳዳው ላይ ፋሻ ለጠፉበት። ለጥቂት ቀን ስናገር በፋሻው ሥር አየር ይሾልክ ነበር፤ ከዚያ ቀዳዳው ተደፈነ፤ ወደ ቤት ሄድን።

አውቶቡሱ ሙሉ ነበር። በመስኮቱ በኩል ተቀመጥኩና ጀመርኩ። ያ ሱቅ ለምን ተዘጋ? ያ ሰውዬ ለምን ይሮጣል? ሾፌሩ ለምን ጥሩንባ ያበዛል? እኔ ብሆን ከዚህ በላይ አበዛ ነበር። ወንበሩ ይቆረቁራል። እርቦኛል። አይ አልራበኝም፣ ውኃ ነው የምፈልገው። ዳማው ላይ ማታለልሽን ለሰፈሩ ልጆች ሁሉ እናገራለሁ። ድምፄ እንደ አሮጌ አውራ ዶሮ ሻካራ ነበር፤ ዛሬም እንደዚያው ነው፤ አንድ ሰው ደስ አይልም ሲለኝ እሱን ለማበሳጨት ብዬ ከፍ አደርገዋለሁ። ከፊት የተቀመጡት ሰዎች ዞረው አዩኝ። እኔ ጨመርኩ።

"ኧረ ዝም በይ!" አለች እናቴ። "አደነቆርሽኝ!"

ከአፏ ካመለጣት በኋላ ነው የሰማችው። እጇን አፏ ላይ ጫነች። ዓይኗ ወደ ፋሻዬ ሄደ፤ ከዚያ ወደ ፊቴ። ቀለሜ እንዳልተለወጠ አየች። እንዳልጠቆርኩ አየች።

"ዝም አልልም" አልኳት።

"ዝም በይ" አለች እንደገና፣ አሁን ቀስ ብላ፣ ጣዕሙን እንደምትሞክር።

"አልልም!"

"ዝም በይ አልኩሽ እኮ!"

"አልልም አልኩሽ እኮ!"

ትጮሃለች፣ እጮሃለሁ፤ በሳቅ ተንፈራፈረች፤ እንባዋ በአገጯ ይወርዳል። ረዳቱ በሰው መሃል እየተጋፋ መጣ።

"እናንተ ሰዎች ምን ሆናችኋል? አውቶቡሱን እኮ በጠበጣችሁት!"

"ልጄ ናት" አለችው እናቴ፣ በመዳፏ ፊቷን እየጠረገች፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብላ። "ዝም በይ ስላት ዝም አትልም።"